ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

በቼዝ ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይከተላል። በዳማም አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። የአገራችን ነገሥታትና መኳንንት ለመቶዎች ዓመታት የተጫወቱት ሰንጠረዥ ግን አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ይዘረጋሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ «ተራዬን በላህ» ብሎ የሚከስ የለም። እያንዳንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከታተለ የራሱን ጠጠር ወደፊት ይገፋል፣ ሐሳቡን ለውጦ ይመልሳል፣ ሌላ ቦታ ያኖራል። ይህ ሁሉ የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እንደማንኛውም ጨዋታ ተራ በተራ ይሆናል። ተራ የሌለበት ያ የመጀመሪያ ምዕራፍ ወረራ ይባላል።

በዓለም ላይ ካሉት የቼዝ ዘመዶች መካከል እንዲህ ያለ አጀማመር ያለው ሌላ አላውቅም። ሕንዱ ቢሉ ፋርሱ፣ ዐረቡ ቢሉ አውሮፓዊው ሁሉም ተራ ጠብቆ ይጫወታል። የእኛዎቹ አባቶች ግን ከጨዋታው ሁሉ ከባዱን ጥያቄ ከፊት አስቀመጡት፦ መቼ ነው መብላት ያለብኝ?

ይህ ጥያቄ ዛሬም በከተማችን መንገድ ዳር አለ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የታክሲ ተራ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ጥላ ሥር ጣውላ ይዘው የተቀመጡ ዳማ ተጫዋቾች አይጠፉም። ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ፊቱ ወደ ላይ ነው፣ የሌላው ወደ ታች ተደፍቷል። አንድ ከሰዓት በኋላ ካፖርታቸውን የደረቡ ሽማግሌና አንድ ወጣት የታክሲ ረዳት ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው አንዷን ቆርኪ ዝም ብለው ወደፊት ገፏት፤ ቆርኪዋ ለመበላት ራሷን የሰጠች መሰለች።

«ምነው ጋሼ፣ በነጻ ሰጡት እኮ!» አለ ከኋላ የቆመ።

«ቆይ፣ ይብላ» አሉ ዓይናቸውን ከጣውላው ሳያነሡ።

ወጣቱ በላ። ሽማግሌው በአንድ ዝላይ ሁለት ቆርኪዎች ለቅመው አልፈው ተቀመጡ። ተመልካቹ ሁሉ ጮኸ፤ አንዱ «ነግሬህ ነበር» ይላል፣ ሌላው «በዚያ በኩል ብትበላ ኖሮ» ይላል፣ ሦስተኛው እጁን ሰድዶ ያለፈውን አሰላለፍ መልሶ ሊደረድር ይሞክራል።

ይህ ጫጫታ የቆየ ወግ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል፤ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በተጫዋቾቹ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ምክር እየሰጡ የሚያሰሙትን ጩኸት መዝግቧል። ከእሱም በፊት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ተወላጅ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አቅራቢያ በደረሰበት ጥቃት የሞተው ዋልተር ፕላውደን ደግሞ ስለ አጨዋወቱ በዝርዝር ጽፏል። ሥራው ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለ ወረራ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው ከእሱ ማስታወሻ የተገኘ ነው። እንግሊዛዊው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ ኤች. ጄ. አር. መሪ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ የእኛን ሰንጠረዥ አካተተው፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ሕጉን አንድ ላይ ሰብስበው አቀረቡልን። ባለውለታችን ናቸው።

መጫወቻው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር። በጥቁር ወይም በጠቆረ ሰማያዊ ጥብጣብ በ64 ቤት ይከፈላል፤ እንደ ዛሬው ቼዝ አንዱ ቤት ነጭ አንዱ ጥቁር አይደለም። ንጉሡ ከመካከሉ በስተቀኝ፣ ፈርዙ በግራው ይቆማል፤ ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም፤ የእያንዳንዱ ንጉሥ ትይዩ የባላጋራው ፈርዝ ነው። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት ቦታ ላይ ይቁም እንጂ ጉልበቷ የለውም፤ በአግድሞሽ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ደግሞ ዝሆኑ ነው፤ በአግድሞሽ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፣ በመሀል ያለውን አይነካም። ፈረስና ደር (ግንቡ) እንደ ዛሬዎቹ ናቸው። ወታደሩ መደቅ ይባላል፤ ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ በአግድሞሽ ይበላል፣ የመጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል።

የፊልን ነገር ትንሽ ላብራራ፤ ሰንጠረዥን ለማድነቅ እሱ ብቻ ይበቃልና። አንድ ፊል በአዘላለሉ ምክንያት ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። የአራቱ ፊሎች ስምንት ስምንት ቤቶች ደግሞ ፈጽሞ አይደራረቡም። ስለዚህ ፊልና ፊል ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አይገናኙም፤ አንዱ ሌላውን ሊያስፈራው እንኳ አይችልም። ይህን ያወቀ ተጫዋች በወረራ ጊዜ የባላጋራው ሁለት ፊሎች ሊደርሱባቸው የሚችሉትን 16 ቤቶች በልቡ ይይዛል፣ ከእነሱ ውጭ ባሉት ላይ ያለ ፊል ስጋት ይሰለፋል። ጠንካራውን ጠጠር ከማወቅ ይልቅ ደካማው የማይደርስበትን ማወቅ የሚጠቅምበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መደቅህን አራተኛው ረድፍ ላይ አድርሰሃል እንበል። ባላጋራህም የሱን መደቅ አምጥቶ በአግድሞሽ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ማንም ሊበላ ይችላል። መብላት ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ደረጃ የቁጥር ጥያቄ ነው፦ ያንን ቤት የኔ ስንት ጠጠሮች ይደርሱበታል፣ የሱስ ስንቶቹ ይጠብቁታል? ጠጠሮቹ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ አጥቂው ከጠባቂው በአንድ ሲበልጥ መበላላቱ ሲያልቅ ትርፉ የአጥቂው ይሆናል። እኩል ከሆኑ ሁለቱም እኩል ይከስራሉ። እስከዚህ ድረስ ቼዝ የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን በወረራ ውስጥ ቁጥሩ አይቆምም። አንተ ፈረስህን ለማጥቃት ስታመጣ እሱ ተራ ሳይጠብቅ ደሩን ለመጠበቅ ያመጣል። አንተ ፊል ትጨምራለህ፣ እሱ ሌላ መደቅ ይገፋል፤ ያልተስማማውን ይመልሰዋል። ሚዛኑ በየቅጽበቱ ያጋድላል። አንድ ጊዜ ለአንተ ያዘነብላል፤ ትንፋሽ ከያዝክ በኋላ ስታየው ወደሱ ዞሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው መብላት አንድ ጠጠር ከማስገኘቱ በላይ ሜዳውን ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ባላጋራህ እንደ ልቡ መደርደር አይችልም፤ ያልተዘጋጀው እንዳልተዘጋጀ ይያዛል። በሌላ በኩል ደግሞ አንተ ስለበላህ ቀጣዩ እንቅስቃሴ የሱ ነው። የመጀመሪያዋን የተራ ዕድል ለባላጋራህ በእጅህ ሰጥተኸዋል። እንግዲህ የሰንጠረዥ ጥበብ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ያንተ አሰላለፍ በተሟላበትና የሱ ባልተሟላበት፣ ተራውን ብትሰጠው እንኳ ሊጠግነው በማይችልበት ቅጽበት መብላት።

እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በቀይ ጨርቅ ይህንን ሞክረነዋል። ሁለታችንም ቼዝ እንጫወታለን፤ ሆኖም በመጀመሪያው ጨዋታ እጆቻችን ተጋጩ፣ ሁለታችንም ቸኩለን ገፋን፣ እሱ ቸኩሎ በላ፣ ከዚያ ደሬ ክፍት ሆኖ የጠበቀውን መስመር ይዞ ገባ። በኋላ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጓደኛዬ ዓይኑን ከራሱ ጠጠሮች አንሥቶ እጄን ማየት ጀመረ። ወደ የትኛው ጠጠር እንደምዘረጋ ሳይሆን የትኛውን እንደተውኩ ይቆጥራል። ዝምታው ረዘመ። በቼዝ ሰዓት ላይ ደቂቃ እየቆጠርን ስንጫወት እንኳ እንዲያ ያለ ጥንቃቄ አይቼበት አላውቅም። ተራ በሌለበት ጨዋታ ውስጥ መጠበቅ ራሱ እንቅስቃሴ ይሆናል።

በሌላው የዓለም ጫፍ ይህንኑ ጥያቄ እስከ መጨረሻው የመረመረ ጨዋታ አለ። በቻይና ተወልዶ በኮሪያና በጃፓን ያደገው ጎ ነው። ሰሌዳው 19 በ19 መስመር ነው፤ 361 መገናኛ ነጥቦች አሉት። ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተራ በተራ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ በኋላ አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱ ጠጠር በዙሪያው ባሉት ክፍት ነጥቦች ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ሁሉ ከተዘጋ ተበልቶ ይነሣል። ከሁሉም የሚያስጨንቀው ሁኔታ ሁለት የጠጠር ጭፍሮች እርስ በርስ ተከባብበው፣ አንዱ ካልሞተ ሌላው የማይተርፍበት ጊዜ ነው። ጃፓኖች ሰመአይ ይሉታል። የመብላት ሩጫ ነው።

ሩጫው የሚፈታው በመቁጠር ነው። የኔ ትንፋሽ አራት፣ የሱም አራት ከሆነ ተራው የማን ነው ብለህ ትጠይቃለህ፤ የተራው ባለቤት ያሸንፋል። የኔ ከሱ በአንድ ከበለጠ ግን እሱ ቢጀምርም እኔ አሸንፋለሁ፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ሄጄ ሌላ ሥራ ልሠራ እችላለሁ። ጀማሪው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ያሸነፈውን ሩጫ ሳያስፈልግ በመሮጥ አንድ ተራ ያባክናል፤ ወይም የተሸነፈውን ሩጫ እየሮጠ ጭፍራውን ያበዛና ኪሳራውን ያሳድጋል። ከዚህም ሌላ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሁለቱ ጭፍሮች በጋራ የሚተነፍሱባቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ ከቀሩ፣ ቀድሞ አንዷን የዘጋ የራሱንም ትንፋሽ ይዘጋል፤ ቀጥሎም ይበላል። ስለዚህ ማንም አይነካቸውም። ሁለቱም ተፋጠው በሕይወት ይኖራሉ።

በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሴኡል ውስጥ አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ዓለም ስለ ጎ ብዙ አወራ። ጎን እዚህ ያነሣሁት ግን በኮምፒውተሩ ምክንያት አይደለም። ትንፋሽ የመቁጠርን ነገር ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ማሰብ ወደ አንድ የራሳችን ታሪክ ስለሚወስደኝ ነው።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትርን ያልፋል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ከቆረቆሩ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀበሉ። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም የኖሩት እዚያ ነው። በዘመናቸው ለነበረች ሴት ብርቅ በሆነ ሁኔታ አማርኛ ያነብቡና ይጽፉ፣ በገና ይደረድሩ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሰንጠረዥ መጫወታቸውንም ያነሣሉ። ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ ወደዚያው ወደ እንጦጦ ተመልሰው በ1910 ዓ.ም. አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሙዚየም ዛሬም የሁለቱን ቅርስ ያሳያል።

በ1888 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ አምባላጌ ላይ ጣልያን ከተመታ በኋላ ጦራችን መቀሌ ደረሰ። ጣልያናዊው ሻለቃ ጋልያኖ እንዳ ኢየሱስ ላይ በተሠራው ምሽግ ውስጥ መሸገ። ምሽጉን በቀጥታ መውረር ብዙ ሰው አስፈጀ። ያን ጊዜ እቴጌይቱ የምሽጉ ሰዎች ውኃ የሚቀዱበትን ምንጭ የመያዝ ምክር አቀረቡ፤ የራሳቸው ወታደሮች በሌሊት ሄደው ምንጩን ያዙ። ከዚያ በኋላ ምሽጉን መውረር አላስፈለገም። ውስጥ ያሉት የቀራቸውን ውኃ በጠብታ እየለኩ ቀናቸውን ቆጠሩ። በመጨረሻ ጋልያኖ ምሽጉን ለቀቀ፤ ምኒልክም ከነወታደሮቹ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ጎ የሚጫወት ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ምን እንደተደረገ በቅጽበት ይገባዋል። ጠጠሩን ሳትነካ ትንፋሹን ዘጋህበት።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚያ የከበደ ነበር። በየካቲት ወር ሁለቱ ጦሮች አድዋ አካባቢ ተፋጠጡ። የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር ስንቁ እያለቀ ነበር፤ ጊዜው በቀናት ይቆጠራል። የምኒልክም ጦር እጅግ ብዙ ስለነበር አገሩ ሊቀልበው አቅቶት መመለስ ይታሰብ ነበር። ሁለቱም የሌላውን ምሽግ ቀድሞ ቢወር የሚጎዳው እሱ እንደሆነ ያውቃል። ቀድሞ የነካ የሚበላበት መፋጠጥ ነው፤ ከጎው የሚለየው መጠበቅ ራሱ በየቀኑ ትንፋሽ መብላቱ ነው። ባራቲየሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አሰበ። ጄኔራሎቹ ግን እምቢ አሉ፤ ከሮም የመጣው የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራምም ወጋው። ስለዚህ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ፤ ብርጌዶቹን በሌሊት በተራራው መካከል አሰማራ፣ በመካከላቸው ክፍተት ተፈጠረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ምኒልክ ያን ቀን ያሸነፉት በጀግንነት ብቻ ነው ማለት ይጎድላል፤ ባላጋራቸው ባልተሟላበት ቅጽበት እስኪነሣ ድረስ ሊጠብቁ መቻላቸውም አለበት። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ሲያሳዩ፣ ምኒልክም ሲጠብቁ ሰንጠረዥ አስተማራቸው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን ወረራን እንዲህ አድርጎ የፈጠረ ሕዝብ መቁጠርንና መጠበቅን የሚያከብር ሕዝብ እንደነበር አምናለሁ።

የሰንጠረዥ አጨራረስም ይህንኑ ይመሰክራል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም ነበር። ለተሸናፊው ከንጉሡ ጋር አንድ ትልቅ ጠጠር ብቻ ከቀረለት፣ አሸናፊው ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መጨረስ ነበረበት፤ ካልሆነ ድሉ ያመልጠዋል። ስለዚህ ስግብግብ ሆኖ ሁሉንም የለቀመ ድሉን ራሱ ያጠፋል። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ተራ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በፊል ወይም በፈርዝ ማት ያደረገ ይከበር፣ በመደቅ ያደረገ ደግሞ ይሞገስ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰንጠረዥ «ስንት በላህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መቼና በምን እንደበላህ ይጠይቃል።

ይህ ጨዋታ ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በኋላ ጠፋ። የሚጫወቱት መኳንንት ተገደሉ፣ ተሰደዱ፣ ተበተኑ፤ የቀሩት ልጆች የአውሮፓውን ቼዝ ተማሩ። ገበጣ ግን አልጠፋም፤ በገጠር ልጆች አፈር ቆፍረው ጠጠር እየቆጠሩ ይጫወቱታል፤ መቁጠርን የሚያስተምር ጨዋታ መሆኑን የሚጠራጠር ሁለት ጊዜ ይጫወተው። ዳማም ከነቆርኪው ጤናማ ነው። ሰንጠረዥን ብቻ አጥተናል፤ ያጣነውም ከሁሉም ልዩ የነበረውን ነው።

መመለሱ ከባድ አይደለም። ጨርቁን ማንም ሰፊ ይሠራዋል። ቼዝ ያለው ሰው ጠጠሩን እንዳለ ይጠቀምበት፤ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል፣ ወታደሩን መደቅ ብሎ ይጥራቸው፣ ሕጉን ከላይ እንዳየነው ይያዝ። በየካ ክፍለ ከተማ ባሉ ትምህርት ቤቶች የቼዝ ክበብ ያላችሁ መምህራን፣ በሳምንት አንዷን ሰዓት ለወረራ ስጡ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ከመንገዱ ዳር ጥቂት የሰንጠረዥ ጠረጴዛ አኑሩልን፤ እቴጌይቱ ከኖሩበት ቤት ያን ያህል አይርቅም። የምታነቡ ደግሞ ጨርቁን አንጥፋችሁ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ እጃችሁን ዘርጉ፣ ለመብላትም አትቸኩሉ።